የስድስት ወር አፈ ጉባኤ፦ ወንበሩ የማን ነበር?

ወ/ሮ ሙፈሪያት ካሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው የቆዩት ስድስት ወር ብቻ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመረጡ። ጥቅምት 8 ቀን 2011 ዓ.ም. ወንበሩን አቶ ታገሰ ጫፎ ተረከቡ። ዳዊት ዮሐንስ አስር ዓመት የተቀመጡበት፣ ተሾመ ቶጋ አምስት ዓመት፣ አባዱላ ገመዳ ደግሞ ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ የቆዩበት ወንበር ነው። የእሳቸውን ያህል ባጭር ጊዜ የለቀቀው የለም።

ስማቸው ሲነሳ ሁሌም የሚቀድመው «የመጀመሪያዋ ሴት» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የተወካዮች ምክር ቤትን ሴት ስትመራው ያ የመጀመሪያው ነበር። ግን ይህ ነገር ለምን እንደተመረጡ አይነግረንም፣ ለምን በስድስት ወር እንደተነሱም አይነግረንም። ሁለቱንም የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፣ እሱም ድርጅት ነው። የመጡበት ድርጅት፣ ድርጅቱ በዚያ ሰሞን የያዘው ቦታ፣ ከሌሎቹ ሦስት የኢሕአዴግ ድርጅቶች ጋር የነበረው ድርድር። የዚህች ሴት የፖለቲካ ሕይወት በዚህ ዓይን ሲታይ ብዙ ነገር ይገለጣል፣ ስለ እሳቸው ብቻ ሳይሆን አራት ኪሎ ስላለው ባለ ሰዓቱ የፓርላማ ሕንፃም ጭምር።

መጀመሪያ ግን ስለ «መጀመሪያ» ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ይረሳል። በአገራችን ፓርላማ በምርጫ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴት ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ከፓርላማው ሽቅብ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የዛሬው የካቲት 12 ትምህርት ቤት፣ ያኔ እቴጌ መነን ይባል ነበር፣ እዚያ ርዕሰ መምህርት ነበሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አዚናራ ደሴት ታስረው የተመለሱ ናቸው። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ተወዳድረው አሸነፉ፣ ኋላም የሕግ መምሪያው፣ የያኔው የተወካዮች ምክር ቤት ማለት ነው፣ ምክትል ፕሬዝዳንት እስከመሆን ደረሱ። ከፌዴራል ሥርዓቱ ወዲህ ደግሞ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የመሩት ሴት ወ/ሮ ሙፈሪያት አይደሉም። ወ/ሮ አልማዝ መኮ ናቸው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመጀመሪያ አፈ ጉባኤ ነበሩ፣ ከ1987 እስከ 1993 ዓ.ም.። በ1993 ክረምት አሜሪካ ገብተው ጥገኝነት ጠየቁ፣ መንግሥትንም በኦሮሞ ሕዝብ ላይ በደል ይፈጽማል ብለው ከሰሱ። ከዚያ በኋላ ስማቸውን የሚያነሳ ብዙም አልተገኘም። አገራችን ከድርጅት ጋር ተጣልቶ የወጣን ሰው ከ«መጀመሪያዎች» ዝርዝር ለመሰረዝ ቸኩላ አታውቅም ማለት አይቻልም።

ወደ ወ/ሮ ሙፈሪያት ልመለስ። ፌዴራል መንግሥት ውስጥ ስማቸው ጎልቶ የታየው በ2001 ዓ.ም. ነው። አቶ መለስ ዜናዊ ካቢኔያቸውን ሲበውዙ የሴቶች ጉዳይ ሚኒስትር አደረጓቸው። ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነበሩ። ሁለት ዓመት ገደማ ሠርተው ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ በተዋቀረው ካቢኔ ቦታውን ወ/ሮ ዘነቡ ታደሰ ያዙት። የሚኒስትርነት ወንበር አጥቶ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ከፍ ብሎ መመለስ በኢሕአዴግ ዘመን የተለመደ አይደለም ነበር። ድርጅት ውስጥ እግሩን ተክሎ የቆየ ሰው ግን ይመለሳል። እሳቸው በደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፣ በደኢህዴን ውስጥ፣ ቆይተው ነበር።

አሁን ወደ 2010 እንሂድ። ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው።

የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ለማጽደቅ ተሰበሰበ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እለቃለሁ ካሉ ሳምንታት ብቻ አልፈዋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ እንዲህ ያለ አዋጅ እንዲጸና የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ድምፁ በእጅ ነው የሚቆጠረው። አፈ ጉባኤው «የሚደግፉ» ይላሉ፣ እጅ ይወጣል፣ ቆጣሪዎቹ በየረድፉ ይሄዳሉ፤ «የሚቃወሙ»፣ «ድምፀ ተአቅቦ» እየተባለ ይቀጥላል። ለዓመታት ይህ ሥርዓት የይስሙላ ያህል ነበር፣ ምክንያቱም ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ 547ቱም ወንበር በኢሕአዴግና በአጋሮቹ የተያዘ ነው። ማን ይቃወማል? ያን ቀን ግን 88 እጅ ተቃውሞ ወጣ። ሰባት ሰው ድምፁን አቀበ። አፈ ጉባኤ አባዱላ የድጋፉን ቁጥር 346 ብለው አነበቡ። 346 ደግሞ ከሁለት ሦስተኛ በታች ነው። ብዙ ሳይቆይ ቁጥሩ ስህተት ነበር፣ ትክክለኛው 395 ነው ተባለ። አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ሁሉ በጣቱ መደመር መቀነስ የጀመረበት ሳምንት ነበር።

ይህን የማነሳው አፈ ጉባኤነት ምን እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። በተራው ቀን ወንበሩ ሥነ ሥርዓት ያስከብራል፣ አጀንዳ ያስጸድቃል፣ ማይክ ይሰጣል፣ «የተከበሩ» ይላል። ድርጅቱ ሲሰነጠቅ ግን ማን ስንት ድምፅ አገኘ ብሎ የሚያነበው አፍ እሱ ብቻ ነው። ወ/ሮ ሙፈሪያት የተመረጡት ከዚህ ቀን በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዶ/ር ዐቢይ አህመድ በዚያው አዳራሽ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሚያዝያ 11 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር የመጀመሪያ ካቢኔያቸውን አቀረቡ፣ በዚያው ዕለት አባዱላ ወርደው ወ/ሮ ሙፈሪያት ተመረጡ። ጋዜጣው ሁሉ «የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ» ብሎ ጻፈ። ሒሳቡን ግን እንየው።

ኃይለማርያም ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የመጡት ከደኢህዴን ነው። ያኔ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አባዱላ የኦሮሚያው ድርጅት የኦህዴድ ሰው ናቸው። ዐቢይ ሲመጡ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ወደ ኦህዴድ ሄደ፣ አፈ ጉባኤነቱ ደግሞ ወደ ደኢህዴን። ወንበር ተለዋወጡ ማለት ነው። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደመቀ መኮንን የአማራው ድርጅት የብአዴን ናቸው፣ ባሉበት ቀጠሉ። በዚያው ሰሞን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ደግሞ ከብአዴኑ ያለው አባተ ወደ ትግራዩ ድርጅት ወደ ሕወሓቷ ወ/ሮ ኬሪያ ኢብራሂም ተሻገረ። አሁን ቁጠሩ። አራት ትልልቅ ወንበር፣ አራት ድርጅት፣ ለእያንዳንዱ አንድ። ማዕድ ላይ ሥጋ እንደሚከፋፈል ዓይነት ነገር ነው፣ ማንም ጎኑን ሳያይ አይቀርም።

ስለዚህ ጥያቄው መጀመሪያ «ማን ሴት እናድርግ» አልነበረም ባይ ነኝ። መጀመሪያ የደኢህዴን ድርሻ ተለየ፣ ከዚያ ደኢህዴን ማንን ይላክ የሚለው መጣ። ሴት መሆናቸው አልጠቀመም ማለቴ አይደለም። የ2007ቱ ምክር ቤት 212 ሴቶች ነበሩት፣ ከመቶ 38.8። በ2002 የነበሩት 152 ናቸው። ሴቶች አዳራሹን እንዲህ ሞልተው መድረኩ ላይ ግን ሁልጊዜ ወንድ መቀመጡ የሚታይ ነገር ሆኖ ነበር፣ አዲስ መሪ ደግሞ የሚታይ ነገር መቀየር ይወዳል። ሁለቱ ነገሮች ተገጣጠሙ። ግን ማስረጃው ኋላ ላይ ይመጣል፦ እሳቸው ሲነሱ ወንበሩን የወረሱት አቶ ታገሰ ጫፎም የደኢህዴን ሰው ናቸው። ጾታው ተቀየረ፣ ድርጅቱ አልተቀየረም። ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የለም።

ስድስቱ ወር ምን ተሠራባቸው? እዚህ ላይ ለእሳቸው ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አጭር ይሁን እንጂ በዚያ መዶሻ የተመቱት ነገሮች ቀላል አይደሉም። ግንቦት 28 ቀን ምክር ቤቱ ያንኑ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከቀነ ገደቡ በፊት አነሳው። በየካቲት 88 ሰው የተቃወመውን አዋጅ ማለት ነው። ሰኔ 28 ቀን ግንቦት ሰባትን፣ ኦነግንና ኦብነግን ከአሸባሪነት መዝገብ ሰረዘ። እነዚህን ድርጅቶች አሸባሪ ብሎ የፈረጀው ይኸው ምክር ቤት እንደሆነ አትርሱ፣ በ2003 ዓ.ም.። ሐምሌ 13 ቀን በአስቸኳይ ስብሰባ የምሕረት አዋጁ ጸደቀ፣ ቁጥሩ 1096/2010 ነው። በመሃል የ2011 በጀት አለ፣ 346.9 ቢሊዮን ብር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሰኔ ወር ቀርበው መንግሥት ራሱ በእስር ቤት ሰው ማሰቃየቱን በአደባባይ ያመኑትም በዚያው አዳራሽ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ላይ አፈ ጉባኤዋ ምን ጨመሩ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። መልሴ፦ የጨመሩት ነገር ካለ ከውጭ አይታይም፣ ወንበሩ እንዲታይ ተደርጎ አልተሠራም። ረቂቁ የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የድርጅቱ አቋም የሚያልቀው የመንግሥት ተጠሪው ቢሮ ነው። በአንድ ድርጅት በተሞላ ምክር ቤት ውስጥ የአፈ ጉባኤ ብልሃት የሚፈተንበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ተቃዋሚ እጁን አውጥቶ ሥነ ሥርዓት ይከበርልኝ ብሎ ሲጮኽ ነው አፈ ጉባኤ የሚታወቀው። በ1998 የተወዛገበው ምክር ቤት ላይ የተቀመጡት አቶ ተሾመ ቶጋ ያን አይተውታል። ወ/ሮ ሙፈሪያት አላዩትም። አዳራሹ በየካቲት ተሰንጥቆ ነበር፣ በሚያዝያ ግን ሁሉም አዲሱን ጠቅላይ ሚኒስትር ሊያጨበጭብ ተሰልፏል። የሚቆጠር ተቃውሞ የሌለበት ዘመን ደረሳቸው። ዕድል ነው ወይስ ዕድለ ቢስነት፣ እንዳያያዙ ነው።

ዋናው ሥራቸው ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ መድረኩ ላይ አልነበረም። በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ ከደኢህዴን ሊቀ መንበርነት ለቀቁና ድርጅቱ ወ/ሮ ሙፈሪያትን መረጠ። ከአራቱ የኢሕአዴግ ድርጅቶች አንዱን ሴት ስትመራው ይህም የመጀመሪያ ነው፣ ከአፈ ጉባኤነቱ ይልቅ የሚያስገርመኝ ደግሞ ይኼኛው ነው። ጋዜጦች ብዙም አላራገቡትም። አፈ ጉባኤነት ፎቶ ያምርበታል። የድርጅት ሊቀ መንበርነት ግን ሰው ይሾምበታል፣ ሰው ይወርድበታል፣ ዞን ከዞን ጋር ይጣላበታል። ደኢህዴን ደግሞ ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦች ያሉበትን ክልል የሚመራ ድርጅት ነበር፣ የሲዳማ ክልል ይሁንልን ጥያቄ በራቸውን እያንኳኳ፣ ከኋላው ወላይታው፣ ካፋው፣ ሌላውም ተሰልፎ። አፈ ጉባኤ ሆኖ ገለልተኛ መምሰልና የዚህ ድርጅት ሊቀ መንበር መሆን አብሮ አይሄድም።

ጥቅምት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስቴሮቹን ከ28 ወደ 20 ዝቅ አድርገው ካቢኔ አቀረቡ፣ ግማሹ ሴት። ወ/ሮ ሙፈሪያት የሰላም ሚኒስትር ሆኑ። ወ/ሮ አይሻ መሐመድ መከላከያን ያዙ። ከሁለት ቀን በኋላ አቶ ታገሰ አፈ ጉባኤ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ወ/ሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዝዳንት፣ ከዚያ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት፣ ኅዳር ላይ ወ/ት ብርቱካን ሚደቅሳ ምርጫ ቦርድ። የሹመቱ ብዛት ትንፋሽ አላስወሰደም። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል አንድ ነገር ሳይነሳ አለፈ፦ ሴቶች ከፍ ባሉበት በዚያ ወር፣ አፈ ጉባኤነቱ ከሴት እጅ ወጥቷል።

ያቺን ሽግግር በሕግ ዓይን ማየት ደስ ይለኛል። አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የነጋሪት ጋዜጣ ይሸጣል፣ አዋጅ ቁጥር 1097/2011ን እዚያ ገዝቶ ማንበብ ይቻላል። ግራው ዓምድ አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ፣ ከራስጌው «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ»፣ ከሥሩ ደግሞ በምክር ቤቱ ጠባቂነት የወጣ የሚለው ጽሑፍ። ከግርጌ የፕሬዝዳንቷ ስም። በ2014 በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን ያድል የነበረው አዋጅ ነው። ለሰላም ሚኒስቴር ተጠሪ የተደረጉትን ተቋማት ስታነቡ ግርም ይላችኋል፦ ብሔራዊ መረጃና ደህንነት፣ የመረጃ መረብ ደህንነት፣ ፌዴራል ፖሊስ፣ የፋይናንስ ደህንነት መረጃ ማዕከል፣ ኢሚግሬሽን፣ አደጋ ስጋት፣ የስደተኞች ጉዳይ። ስለላ፣ ፖሊስና እርዳታ በአንድ ሚኒስትር ጠረጴዛ። ከዚያ በፊት እንዲህ የተከመረ ኃላፊነት የያዘ ሲቪል ሚኒስትር አላስታውስም። የስለላ ኃላፊው በየጠዋቱ ስልክ የሚደውለው ለማን ነው የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፣ በእኛ አገር ወረቀቱና ስልኩ አንድ ሆነው አያውቁም። ቢሆንም ወረቀቱ ይህን ይላል።

እና ትናንት አስፈጻሚውን የሚቆጣጠረውን ምክር ቤት የመሩ ሰው፣ ዛሬ በዚያው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ፊት ሪፖርት የሚያቀርቡ ሆኑ። ሌላ አገር ይህ ዝቅ ማለት ይሆን ይሆናል። አፈ ጉባኤነት ላይ የደረሰ ሰው ወደ ሚኒስትርነት ሲሄድ «ምን አጠፋ?» ይባላል። እኛ ጋ ማንም አልጠየቀም። ሁሉም ከፍ እንዳሉ ነው ያሰበው፣ ትክክልም ነበር። ይህ አንድ ነገር ብቻውን ስለ ፓርላማችን ከብዙ ጥናት በላይ ይናገራል ባይ ነኝ።

የሰላም ሚኒስትርነቱን በደንብ ለመገምገም ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል፣ እዚህ በጥቂቱ ላንሳ። እናቶችን የሰላም አምባሳደር አድርገው ክልል ለክልል ያዞሩት በእሳቸው ጊዜ ነው፤ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ባለሥልጣን ፊት ተንበርክከው ሲያለቅሱ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳም፣ ባለሥልጣኖቹ ግን ቶሎ ረሱት። የወጣቶች ብሔራዊ በጎ ፈቃድ አገልግሎትም የሚኒስቴሩ ሥራ ነበር። በሌላ በኩል እነዚያ ዓመታት ሰው በብዛት የተፈናቀለባቸው፣ የተገደለባቸው ዓመታት ናቸው፣ የሰላም ሚኒስትር ተብሎ ከዚህ ማምለጥ አይቻልም። በሐምሌ 2011 የሲዳማ ጥያቄ ሲጋጋል እሳቸው ሁለት ባርኔጣ ለብሰው ነበር፦ የአገሪቱ ሰላም ሚኒስትርና ጥያቄው የቀረበለት ድርጅት ሊቀ መንበር። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ 98.5 በመቶ ክልል ይሁን አለ።

ከዚያ ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ፈረሰ። በዚያው ኅዳር ብልጽግና ፓርቲ ተመሠረተ፣ ደኢህዴንም ከሌሎቹ ጋር ተዋሐደ። ድርጅታቸው ነው ያወጣቸው ስል ነበር፤ ድርጅቱ ሲሞት እሳቸው አብረው ወርደው ቢሆን ወጉ ይሞላ ነበር። አልወረዱም። ጽንሰ ሐሳቤ እዚህ ጋ ትንሽ ይንገዳገዳል፣ እንዲያውም ጉዳዩ የሚስበኝ ለዚህ ነው። ደቡብ ክልልም ቢሆን ቆይቶ በ2015 ለመጨረሻ ጊዜ ተከፋፍሎ ስሙ ከካርታ ጠፋ። ድርጅቱ የለም፣ ክልሉ የለም፣ ሴትየዋ ግን ካቢኔ ውስጥ አሉ።

የሌላዋን ሴት መንገድ ጎን ለጎን ካላስቀመጥነው ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አይታይም። ወ/ሮ ኬሪያም በዚያው የ2010 ሚዛን የመጡ ናቸው፣ የሕወሓትን ድርሻ ይዘው። ሕወሓት ወደ ብልጽግና አልገባም ሲል ወንበሩ ባለቤት አጣ። ኮሮና መጣ፣ ምርጫው ተራዘመ፣ የሥልጣን ዘመኑ ይቀጥል ወይ የሚለው ጥያቄ ሕገ መንግሥት ተርጓሚው ዘንድ፣ ማለትም እሳቸው በሚመሩት በፌዴሬሽን ምክር ቤት ዘንድ ደረሰ። ሰኔ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ እየተጣሰ አብሬ አልሠራም ብለው ለቀቁ። ሰኔ 3 ምክር ቤቱ ያለ እሳቸው ድምፅ ሰጠ፦ 114 ድጋፍ፣ አራት ተቃውሞ፣ አንድ ተአቅቦ። ወንበራቸውን አቶ አደም ፋራህ ያዙ። ወ/ሮ ኬሪያ መቀሌ ሄዱ፣ ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ፈነዳ።

ኅዳር 20 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰላም ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ሰብዓዊ እርዳታ ወደ ትግራይ የሚገባበትን ስምምነት ፈረመ። ሚኒስትሯ ወ/ሮ ሙፈሪያት ናቸው። ኅዳር 22 ወ/ሮ ኬሪያ ለፌዴራል መንግሥት እጃቸውን መስጠታቸው ተነገረ። በመሃል ያለው ሁለት ቀን ነው። በአንድ የጸደይ ወቅት፣ በአንድ ግቢ፣ ሁለቱን ምክር ቤቶች እንዲመሩ የተመረጡ ሁለት ሴቶች፤ ያኔ «ሁለቱም ምክር ቤቶች በሴት ሊመሩ ነው» ብለን ደስ ብሎን ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አለፈ፣ አንዷ ፈራሚ፣ አንዷ እጅ ሰጪ። ወ/ሮ አልማዝ መኮንም ስትጨምሩበት ከሦስቱ ሴት አፈ ጉባኤዎች ሁለቱ ከወንበራቸው የተለዩት ከገዢው ጎራ ጋር ተቆራርጠው ነው። ወንዶቹ አፈ ጉባኤዎች አብዛኞቹ አምባሳደር ወይም ሌላ ሹመት አግኝተው ነው የወጡት፤ ዶ/ር ሙላቱ ተሾመማ ከፌዴሬሽኑ ወንበር ወደ አምባሳደርነት፣ ከዚያም ወደ ፕሬዝዳንትነት ነው የሄዱት።

ይህን የሴትና የወንድ ልዩነት አድርጎ መደምደም ግን ችኮላ ይመስለኛል። ሁለቱ ሴቶች የተቆራረጡት ድርጅታቸው ወይም ብሔራቸው ከማዕከሉ ጋር ሲጣላ ነው፣ ወንድ ቢሆኑም ይኸው ይገጥማቸው ነበር። ወ/ሮ ሙፈሪያት የተረፉት ደኢህዴን ሳይጣላ ስለፈረሰ ነው። እሱ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የራሳቸው ነው፦ ብዙ አያወሩም። በአደባባይ ንግግራቸው ለስላሳ ነው፣ ስድብ የለበትም፣ «ያ ባለሥልጣን እንዲህ አለ» ተብሎ ሳምንት የሚነታረኩበት ነገር ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ብዙም አልሰማንም። የእኛ ፖለቲካ የምላስ መቃብር ነው፣ ስንቱ በአንድ ንግግር ጠፍቷል። አንዳንዱ ይህን ጠባይ ብልህነት ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ «ታዲያ አቋማቸው ምንድን ነው?» ብሎ ይበሳጫል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ አዲስ መንግሥት ሲመሠረት ሰላም ሚኒስቴር ለአቶ ብናልፍ አንዱዓለም ተሰጠ፣ ወ/ሮ ሙፈሪያት አዲስ የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሚኒስትር ሆኑ። ሥራ ፈጠራ፣ ቴክኒክና ሙያ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ሠራተኛ ጉዳይ አንድ ላይ የተጠቀለለበት ነው። ከፖሊስና ከስለላ ወደ ብየዳና ስፌት ማለት ነው። ዝቅ አሉ ያለ ነበር። እኔ አይመስለኝም፣ አዲስ አበባ ውስጥ የወጣት ሥራ አጥነት ከየትኛውም የጸጥታ ሪፖርት በላይ የሚያስፈራ ጉዳይ ነው። ዓረብ አገር ለመሄድ ሰነድ ይዛ የምትጠባበቅ ልጅ ደግሞ ከፓርላማው ክርክር ይልቅ የዚህ ሚኒስቴር አሠራር ነው ሕይወቷን የሚነካው።

አንድ ነገር ግን ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም። ከ2010 ወዲህ በፌዴራል ደረጃ ሌላ ሴት አፈ ጉባኤ አልተመረጠችም፣ የተወካዮች ምክር ቤት ምክትልነት ግን ከሴት እጅ አልወጣም፦ ወ/ሮ ሽታዬ ምናለ፣ ከዚያ ወ/ሮ ሎሚ በዶ። በፌዴሬሽኑም ቆይቶ ወ/ሮ ዛህራ ኡመድ ምክትል ሆነዋል። ወደ ክልል ስትወርዱ የበለጠ ይገርማል። ጨፌ ኦሮሚያን ወ/ሮ ሰዓዳ አብዱራህማን፣ የአማራ ምክር ቤትን ወ/ሮ ፋንቱ ተስፋዬ፣ የአዲስ አበባን ምክር ቤት ወ/ሮ ቡዜና አልከድር። ከእነሱ በፊትም ሌሎች ሴቶች ነበሩ። በየክልሉ አፈ ጉባኤነት የሴት ወንበር እየሆነ ነው ማለት ይቻላል። ርዕሰ መስተዳድሩ ወንድ፣ አፈ ጉባኤዋ ሴት፣ ፎቶው ሚዛኑን ይጠብቃል። ጋምቤላ በ2016 ወ/ሮ ዓለሚቱ ኡሞድን እስክትሾም ድረስ የርዕሰ መስተዳድርነቱ በር ለሴት ሲከፈት አላየንም።

ድርጅቶች ሴት ዕጩ ሲያቀርቡ የትኛውን ወንበር እንደሚያቀርቡላት እንግዲህ ታያላችሁ። ከፋይናንስ ቢሮና ከጸጥታ ቢሮ ፊት አፈ ጉባኤነት ይቀድማል። ወ/ሮ ሙፈሪያት ከዚያ ወንበር በስድስት ወር ተነስተው ፖሊስና ደህንነት ወዳለበት ጠረጴዛ ሲሄዱ ለአገሪቱ ሴት ፖለቲከኞች ያልተለመደውን መንገድ ነው የሄዱት፣ ብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው ግን ዛሬም መዶሻው ላይ ናቸው።